በጠመኔ የተሰመረባት መኪና

ቢስሚላህ። እኔ ዐቂል መሕሙድ፣ በደሴ ከተማ ፒያሳ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ የነበርሁ፣ ዛሬ ሰኞ ጥቅምት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. በገዛ ቤቴ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ፣ ይህን ቃል ለጎረቤቴ ለአቶ ጸጋው እየነገርሁ አስጽፌአለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ነግረውኛል። አእምሮዬ ግን ደኅና ነው። ልጄ ሀምዲን «አባዬ ጃጅተዋል» እያለ ኮምቦልቻ ላይ ማስወራቱን ስለ ሰማሁ፣ አራቱ ምስክሮች ከመጀመራችን በፊት የፈለጉትን እንዲጠይቁኝ ፈቀድሁ። ሸህ ሀምዱ የአያቴን ስምና የዛሬውን ቀን ጠየቁኝ፤ መለስሁ። ወይዘሮ የምስራች ደግሞ ከእሷ የተዋስሁትን መሰላል አስታወሰችኝ። እሱንም አልረሳሁም፤ ጓሮ ነው ያለው፣ ስትወጣ ትውሰደው። ሌላ ዕዳ የለብኝም።

ቤቴን፣ ሱቄንና በእጄ ያለውን ሁሉ ባለቤቴ ቱርኪያ፣ ልጄ ሀምዲንና ልጄ ዚክራ ሸሪዓው እንዳዘዘው ይካፈሉ። በዚህ ላይ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ቱርኪያን ግን ከምትተኛበት ክፍል ማንም እንዳያንቀሳቅሳት አደራ እላለሁ። አደራዬን የምሰጠው ለሸህ ሀምዱ ነው። ለልጆቼ እንዳልሰጥ ሀምዲን ቦታው ስንት ካሬ እንደሆነ በእርምጃ ሲለካ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ዚክራ ደግሞ አዲስ አበባ ናት፣ በስልክ ካልሆነ አደራ አትቀበልም።

አሁን ወደ መኪናዋ እመጣለሁ።

በጓዳዬ የቆመችው፣ ጣሪያ የሌላት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አራቱም ጎማዎቿ ከገላዋ ውጪ የወጡ የጥንት የእሽቅድድም መኪና አምሳያ ናት። የሠራኋት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ዕቃ በሚያደርስለት ጋራዥ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለች መኪና ዳገት ስትወጣ የሚያሳይ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። አባቴ አፌን ከፍቼ ስመለከት አገኘኝና «ነጋዴ መኪና ይሸጣል እንጂ አይመኝም» ብሎ በጆሮዬ ጎትቶ ወሰደኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መለዋወጫ ሸጥሁ። ሱቁን ለሠራተኛ ትቼ ቤት ስቀመጥ፣ ቤተሰቤ ቀሪ ዘመኔን መስጊድ ደጃፍ ተቀምጬ ሰው በማማት እንደምጨርሰው ጠብቆ ነበር። ስላሳፈርኋቸው ይቅር ይበሉኝ።

ሻሲዋን ከተጣለ ሚኒባስ ወስጄ በየድሁ። ሞተሯ የዲኤክስ ነው። ገላዋ የዘይት በርሜል ተዘርግቶ፣ ተቀጥቅጦ ነው። ፎቶው የሚያሳየው ግራ ጎኗን ብቻ ስለ ነበር ቀኙን ከራሴ አወጣሁት። ሀምዲን አየና «አባዬ፣ ሁለቱ ጎኖቿ እኮ አይመሳሰሉም» አለኝ። የእኔም ልጆች እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ ማንም መጥቶ ተሳስተሃል አላለኝም።

በጓዳ ለምን ሠራሃት የሚለኝ ብዙ ነው። በእኛ ቤት ያላለቀ ነገር ለዐይን አይወጣም፤ ሰፈሩ ደግሞ ማሻአላህ ማለትን ከተወ ቆይቷል። ስለዚህ መስኮቱን በጆንያ ሸፍኜ ሠራኋት። ስጀምር በሩን ለክቼ ነበር፤ የለካሁት ግን ለገላዋ ነው። ገላዋ ቀጭን ስለሆነ በደንብ ያልፋል። የማያልፉት በሁለት ወገን የተዘረጉት ጎማዎቿ ናቸው። ተሠርታ ስታልቅ ወደ በሩ አስጠግቼ አየሁና መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። እኔ ስቄ ተነሣሁ፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ እየሳቀ ነው። ተፈታትታ ትውጣ የሚሉም አሉ። ብየዳዋ ተቆርጦ የወጣች መኪና መልሶ የሚገጥማት ሰው ያስፈልጋታል፣ ያ ሰው ደግሞ አልጋ ላይ ነው።

በዚህ ክረምት ሆስፒታል ተኝቼ ስመለስ መኪናዬ ላይ ነጭ መስመር አገኘሁ። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ እዚህም እዚያም፣ በጠመኔ ተሰምሮባታል። ቱርኪያን ጠየቅኋት፤ አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። ለካ ሀምዲን ግራይንደር ያለው ሰው ይዞ መጥቶ በየት በየት እንደምትቆረጥ አስመልክቷል። ኮምቦልቻ ላይ የብረት መደብር አለው፤ ቁርጥራጩን ከሌላው ብረት ጋር ለአቅላጮች ሊሸጥ ኖሯል። አባቱ ገና ይተነፍስ ነበር። በዚያ ቀን አዝኛለሁ፤ ማዘኔን ጸጋው ይጻፍልኝ። መስመሩን አልጠረግሁትም። ያሰመረው ሰው መጥቶ ይየው ብዬ ተውሁት።

ጠርቼ ብጠይቀው «አባዬ፣ እርስዎ ሲያልፉ እሷም ውርስ ናት። ለወራሽ ኑዛዜ የለም፣ ለእኔም ለዚክራም ሊሰጡን አይችሉም። ተሽጣ እንካፈላለን። እንዳለች ቢሸጧት ደግሞ ሰባራ ሳንቲም የሚሰጥ የለም» አለኝ። ቁርኣን ቅራ ብዬ በአርጩሜ ያባረርሁት ልጅ፣ ከዲኑ ሁሉ ይህችን አንዷን አጥብቆ ይዟት አገኘሁት።

ሸህ ሀምዱን አስጠራሁ። ልጅህ እውነቱን ነው አሉኝ፤ ለወራሽ ኑዛዜ የለም። ወራሽ ላልሆነ ሰው ግን ከሀብቴ ሲሶ ሳላልፍ የወደድሁትን መስጠት እችላለሁ። «የልጅ ሚስት ወራሽ ናት ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሸሁ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና «አይደለችም» አሉ።

ስለዚህ መኪናዋን ለምራቴ ለከይሪያ፣ ለሀምዲን ባለቤት፣ ሰጥቻለሁ። ከሲሶ እንደማታልፍ ሀምዲን ራሱ ሰባራ ሳንቲም አታወጣም ብሎ መስክሮልኛል። የከይሪያ ብቻ ናት። ባሏ አይሸጣት፣ አይቆርጣት፣ ያለ ፈቃዷም አይቀመጥባት።

ምክንያቴ ይህ ነው። ከይሪያ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር ሌሎቹ ሳሎን ተቀምጠው ስለ ቦታ ዋጋ ሲያወሩ እሷ ጓዳ ትገባ ነበር። በርሜሉን ስቀጠቅጥ በወዲያ ወገን ይዛልኛለች። የመቀመጫውን ቆዳ የሰፋችው እሷ ናት። አንድ ቀን ገብታ ተቀመጠች፣ መሪውን ያዘችና «አባባ፣ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኗ ይይዝልዎታል?» አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ መኪናዋ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ የሚጠይቁኝ ስለ ጤናዬ ነው። ይይዛል፣ ልጄ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ አድሼዋለሁ።

ለሀምዲን ከድርሻው በላይ አንድ ነገር አለኝ። መኪናዋ ማስነሻ አላደረግሁላትም፤ የምትነሣው በግፊ ነው። ሚስቱ በጠራችው ጊዜ ይውጣና ይግፋ። ይህ ሥራ እንጂ ውርስ ስላልሆነ የሚከለክለው ሕግ ካለ ፈልጎ ያምጣ።

የቀረው ግድግዳው ነው። ከሞትሁ በኋላ ግድግዳው የወራሾች ስለሆነ አፍርሱ ብዬ ማዘዝ እንደማልችል ሸህ ሀምዱ ነግረውኛል። ሀምዲንም አያፈርስም። መውጫ የላትም ብሎ እዚያው ያስቆርጣታል። ይህን እያወቅሁ ዐይኔን መክደን አልችልም። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ግን ግድግዳው የእኔ ነው። ያ ባለ ግራይንደር የጣለውን ጠመኔ ቱርኪያ መስኮት ላይ አኑራው ነበር። ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ በዚያው ጠመኔ፣ ከጎማዎቿ ስፋት ዘለል አድርጌ፣ የሚፈርሰውን አሰምሬያለሁ። የጭቃ ግድግዳ ነው፣ አያስቸግራችሁም። ምስክሮቼ ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ተነሡ። ዶማው ከበሩ ኋላ ነው።

*

እኔ የኑዛዜው ጸሐፊ ጸጋው ወርቄ፣ ፊርማው ስለ ምን እንደ ዘገየ ለማስረዳት ይህን ከራሴ አክያለሁ። ምስክሮቹ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ማፍረስ ጀመሩ። ሸህ ሀምዱ ጥምጣማቸውን ለወይዘሮ ቱርኪያ ሰጥተው ቀዳሚውን ዶማ አነሡ። ወይዘሮ የምስራች ለከይሪያ ስልክ ደወለች። ግድግዳው ወድቆ አቧራው ሲበርድ፣ መኪናዋን ሙሉ እንዳለች ገፍተን ግቢው ላይ አወጣናት። ከይሪያና ሀምዲን ከኮምቦልቻ የደረሱት ይኼኔ ነው።

ሀምዲን «ምንድን ነው የምታደርጉት?» አለ። ወረቀቱን አነሣሁና የሚመለከታቸውን ለሁለቱም አነበብሁ። ከይሪያ እስክጨርስ ቆማ ሰማች። ወደ አቶ ዐቂል ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች፤ አለቀሰችም። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ ፍሬኑን በእግሯ ሞከረችው፣ አንገቷን ሳታዞርም «ሀምዲን፣ ና ግፋ» አለችው።

አባቱን አየ። አቶ ዐቂል ከአልጋቸው ተነሥተው በፈረሰው ግድግዳ ጠርዝ ተደግፈው ቆመው ነበር። ሀምዲን ኮቱን አውልቆ መሰላሉ ላይ ሰቀለና ገፋ። ከግቢው በር ወጥታ ቁልቁለቱን ስትጀምር ሞተሩ ተነሣ፣ ሰፈሩም ወጣ። አቶ ዐቂል ድምፁ እስኪርቅ አዳመጡና ወደ አልጋዬ መልሱኝ አሉ።

ሀምዲን ብቻውን ተመልሶ መጣ። ራሱ ሊያነብበው ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ አንብቦ መለሰልኝ።

ተናዛዥ፦ ዐቂል መሕሙድ፤ ፈርመዋል።

ምስክሮች፦ ሸህ ሀምዱ ሰይድ፣ አቶ አባይ ይመር፣ አቶ ሀሰን ኑርዬ፣ ወይዘሮ የምስራች ተገኝ። የሁሉም እጅ ጭቃ ስለ ነበረበት ወረቀቱ ቆሽሿል፤ ስርዝ ድልዝ ግን የለበትም።

በኅዳጉ ላይ የሚታየው ነጭ የጣት አሻራ የሀምዲን ዐቂል ነው። ሲገፋት ከመኪናዋ መስመር እጁ ላይ የቀረ ጠመኔ ነው። ምን ብዬ ልመዝግበው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ተናዛዡ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ምስክር አይደለም፤ የገፋው ነው በል» ብለውኛል።