ተመስገን፣ ደህና ነው

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? ወይስ አሁንም በአፍንጫሽ ነው የምታስተረጉሚው? እኔም፣ ሚስቴም፣ ትንሿ ልጄም ደህና ነን። የስፌት መኪናዋም ደህና ናት፤ እንደ እናትሽ ማጉረምረሟን ብቻ አልተወችም። ይህን ደግሞ ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ። ታላቄ ናት፣ ጥፊዋ ዛሬም ይደርሳል።

ስልኩን ጆሮሽ ላይ ከዘጋሁት ወዲህ አልተነጋገርንም። ልደውል ብዬ ስንቴ አንስቼ መለስኩት። ልጻፍልሽ ብዬ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ዶሮ ጫረችው ብለሽ አትሳቂ፤ ሰሞኑን ቀኝ እጄ ትንሽ ሰነፍ ሆኗል።

እንደምታውቂው፣ ለልጄ የጤና መድን ካርድ ለማውጣት ያልወደቅኩበት ጉድጓድ አልነበረም። በመጨረሻ ካርዱ ሲወጣ የክሊኒኳ ነርስ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እርስዎ ያውቁታልና ለሌላው ወላጅ ያሳዩ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ካርድ የሌላቸውን የእኛን ሰዎች ልጆች ጉዳይ ይዤ፣ ከእናቶቻቸው ጋር መድን ቢሮ ስመላለስ ይኸው አለሁ። እኛ በዚህ የሰው አገር ከተማ ተሰብስበን አንድ አውቶቡስ ብንሞላ ነው፤ እንኳን አመላችንን መልካችንንም የሚለይ የለም። እናቶቹ «ጋሼ ወረፋ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ከደመወዝ ይሻላል፤ አይቆረጥበትም።

ድምፅሽን እዚያ የሰማሁ ቀን አብሬያት የሄድኩት አንዲት ሕንፃ በማጽዳት የምትተዳደር እናት ነበረች። ልጇ አስም አለበት። ሠራተኛው ገና ስንቀመጥ፣ አጃቢ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም ብሎ ወደ እኔ ጣቱን ቀሰረ። እኔን አትናገር ማለት ዶሮን አትጫሪ ማለት ነው፤ ግን ለልጁ ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ አስተርጓሚ ለመጥራት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሲጫነው ድምፅሽ ወጣ! ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። «አስተርጓሚ ነኝ፤ የተባለውን ብቻ አስተላልፋለሁ» አልሽ፣ ልክ እንደ ዜና አንባቢ። ከልብስ ስፌት ሱቄ የሸሚዝ ቁልፍ አንስታ አፍንጫዋ ውስጥ ከትታ ሰፈሩን ያተራመሰችው ልጅ ነች ብዬ ልናገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ሠራተኛው የልጁ ጤና እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። እናትየው ነጠላዋን እንደምታስተካክል ሁሉ ቀና ብላ፣ «ተመስገን፣ ደህና ነው» አለች። ምን ልትል ኖሯል? የእኛ ሰው በቃሬዛ ተይዞም ቢጠየቅ ደህና ነኝ ነው የሚለው። አንቺም «ደህና ነው» ብለሽ አሻገርሽው። ቋንቋቸውን በመንገድ ላይ የለቃቀምኩት ብሆንም ያቺ ቃል አትጠፋኝም። የሚያስቸኩል ነገር አለ ወይ ሲላት ደግሞ፣ ኧረ ምንም የለም፣ እናንተን ላስቸግር እንዴ አለች። እሱንም አሻገርሽው። የታመሙት ልጆች ፋይል በአንድ ወገን፣ የጤነኞቹ በሌላ ወገን ይቆለላል። የእሷ ልጅ ከጤነኞቹ ጋር ተቆለለ። ያ ክምር እስኪነካ ልጅ ጢም ያበቅላል።

ብዙም ሳይቆይ ልጁን ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልለካው ሱቄ አመጣችው። ሜትሩን ደረቱ ላይ አዞርኩት። ቁጥሩን ላነብ ስል ሜትሩ አልረጋ አለኝ፤ ጎድኖቹ ወደ ውስጥ እየሰመጡ፣ አንገቱ ሥር ጉድጓድ እየተከፈተ ይዘጋል። ቀና ስል ከንፈሩ ጠቁሯል። ታቅፌው ሮጥኩ፤ ደረጃው ላይ እግሬ ከድቶኝ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ልጁን ተቀበለኝ። ሆስፒታሉ ደግ ነው፣ አስታገሱለት። በየቀኑ በአፉ የሚስበው መድኃኒት ግን ካርድ ላለው ነው ብለው እንደዚያው መለሱት። እናትየው መንገዱን ሙሉ እሱን አቅፋ፣ ላገኘችው ሁሉ «ተመስገን፣ ተሽሎታል» ትል ነበር።

የደወልኩልሽ ያኔ ነው። አንቺም፣ አጎቴ፣ እሷ ደህና አለች፣ እኔ አንዲት ቃል ብጨምር ከሥራ እባረራለሁ አልሽ። እኔም «ደህናን አታውቂያትም?» ብዬ ዘጋሁት። ልጁ ገና ክንዴ ላይ የሚያፏጭ እየመሰለኝ ነበር፤ እወቂልኝ።

የልጁ ሁለተኛ ቀጠሮ ሲቃረብ እናቶቹን እሑድ ከሰዓት ሱቅ ሰበሰብኳቸውና ልምምድ ጀመርን። መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ ሠራተኛውን ሆንኩ። ሳቁ ልክ አልነበረውም። የልጁ እናት ግን «ታሟል» በይ ብትባል አሻፈረኝ አለች። «በአፌ ልጥራበት እንዴ?» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። አምና ለልጇ ካርድ ያወጣችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት ያግባባቻት። ብናገርም ባልናገርም ልጄ ስታስል ታድር ነበር፣ ስናገር ግን መድኃኒት መጣ አለቻት። እኔም አጋጣሚውን አላሳለፍኩም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሏችኋል፣ መድኃኒትም አይገባም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስተርት፣ የልጁ እናት መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ መንጭቃ ወሰደች።

«እስቲ አሁን ደግሞ እርስዎ ይጠየቁ። ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኩ፤ ሳላስበው ወጣ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጥግ ላይ ተቀምጣ መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ ሚስቴ ብቻ አልሳቀችም። እሱን ደግማችሁ ጠይቁት አለች። እኔም፣ ካርዱ ለልጆች ብቻ ነው፣ ወደ ሥራችን እንመለስ ብዬ ወሬውን ቀየርኩት።

የቀጠሮው ቀን ያ ሁሉ ልምምድ ውኃ በላው። ሠራተኛው ጠየቀ፤ እናትየው ፈገግ ብላ፣ «ተመስገን፣ ደህና ነው» አትልም መሰለሽ! ምላሴን ነከስኩ። መስመሩ ተቋረጠ ስል ድምፅሽ መጣ፤ በእነሱ ቋንቋ፣ ቀስ ብለሽ። ደህና ነው ብላለች፤ ነገር ግን በዚህ ቋንቋ ይህ የሰላምታ መልስ ነው፣ የታመመ ልጅ የምታስታምም እናትም የምትለው እሱኑ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ትናንት እንዴት እንደተነፈሰ፣ እንዴት እንዳደረ ይጠየቅ አልሽ። ሠራተኛው ስልኩን እንደ ሰው አፈጠጠበት። ከዚያ ጠየቀ። አንቺም ወደ እኛ ስትመልሽው የዜና አንባቢዋ ድምፅ አልነበረም፤ ትንሿን ልጄን «ነይ፣ የት አመመሽ?» የምትያት ድምፅ ነበር። እናትየው ስልኩን እያየች ሁሉንም ነገረችሽ። እኔ መስኮት መስኮቱን አይ ነበር።

ካርዱ በዚህ ሳምንት ደረሰ። ልጁ ትናንት ሱቅ መጥቶ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚስብ ጉንጩን ነፍቶ አሳየኝ፤ ጉራው አይጣል ነው።

አንቺን ግን አለቆችሽ እንደጠሩሽ ከእናትሽ ሰማሁ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ምን ጨመርሽ ቢሉሽ፣ አንዲትም ቃል አልጨመርሽም፤ ቃሉ ውስጥ የነበረውን ነው ያወጣሽው። ከፈለግሽ እናቶቹን ሁሉ አስከትዬ መጥቼ በር ላይ እቀመጣለሁ። አልናገርም። እኔ ዝም ብዬ ስቀመጥ እንደሚያስፈራ አንቺም ታውቂያለሽ።

ሥራው ፋታ ሲሰጥሽ ብቅ በይ። ሚስቴ፣ በርትተህ ጻፍላት፣ ቶሎ ትምጣ ብላኛለች። የጀመርኩልሽ ካፖርት አልቋል። ቁልፎቹን የተከለችው እሷ ናት፤ ቢጣመሙ እንዳትስቂባት።

እንጀራሽን ማንም አይንካብሽ። ያቺን ጠረጴዛ ላይ የሰማኋትን ድምፅሽን ለብዙ እናቶች ያቆይልኝ።

ስለ እኔ አታስቢ። ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

አጎትሽ