እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል?

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 1958

ዛሬም አልቀዘቀዘም። የላምባው እሳት ከፍሪጁ ሥር ደህና ይነዳል፤ ውስጡ ግን ከክፍሉ እኩል ይሞቃል። ቅዳሜ ምስጥ ከበላው ጥግ አንሥቼ ወደ መስኮቱ ካስጠጋሁት ወዲህ ነው። ነገ የከብት ክትባቱ በአውሮፕላን ነገሌ ይገባል። የት ላስቀምጠው ነው?

ኦቦ ዋርዮ መጡ። በውሃ ጉድጓዱ ላይ ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራ የሚያስይዙት ሽማግሌ ናቸው። ክትባቱ ቅዳሜ መሆኑን ሊያረጋግጡ ነው። እሳቱ ፊት ቁጢጥ ብለው ቆዩና፣ "እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል?" አሉኝ። "ሳይንስ ነው" አልኳቸው። "ሳይንስ ማለት አላውቅም ማለት ነው?" አሉ። ሳቅሁ። ከሄዱ በኋላ ግን አፈርኩ፤ እውነትም አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

ክትባቱ ገባ። ሳጥኑ ውስጥ ካለው በረዶ ግማሹ ውሃ ሆኗል።

ያደረግሁት፦ ክሩን ከረከምኩ። ጭስ ማውጫውን ጠረግሁ። ላምባውን ለወጥኩ። በጡጫ መታሁት። ለገብርኤል ተሳልኩ።

የከተማው ሆቴልም ፍሪጅ ነበረው፤ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ባለቤቲቱ ልብስ ታስቀምጥበታለች። በፖሊስ ራዲዮ ለአለቆቼ መልእክት ላክሁ። "ባለሙያ ከአሥር ቀን በኋላ" አሉ። በረዶው ቁጭ ብሎ የሚጠብቃቸው መስሏቸዋል።

ረቡዕ፣ ጥር 18

የከብት ደስታ አሬሮ ወረዳ ድረስ ገብቷል አሉ። ከብት ለሚፈጅ በሽታ ይህን ስም ያወጣው ማን ይሆን?

በረዶውን በእጄ ለካሁት። ትናንት አንድ ስንዝር፣ ዛሬ አራት ጣት። ለዓርብ አይደርስም።

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሞቀም አልሞቀም ልውጋ፤ የሞቀ ክትባት ከብት እንደማያድን ማን ያውቃል? አምና የወጋኋቸው ላሞች በዚያው በደስታ አለቁ። የኦቦ ዋርዮ ብቻ አሥራ አንድ። ሰዉ የገደላቸው መርፌው ነው አለ። ዘንድሮ እያንዳንዱን ለምነው ያሳመኑልኝ እሳቸው ናቸው። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እህል በአፌ አልዞረም።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ልዋሽ ወስኜ ነበር። ኦቦ ዋርዮ ገብተው "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁኝ እውነቱ አመለጠኝ። "መድኃኒቱ ሊሞትብኝ ነው፣ ኦቦ። ቅዳሜ ከብት እንዳያመጡ።"

አልተቆጡም። ፍሪጁን ዞረው ዞረው አዩት። ዝርግ ሳህን ጠየቁኝ፤ ውሃ ሞልተው አናቱ ላይ አስቀመጡት። ውሃው በመስኮቱ በኩል ፈሰሰ።

"ዘሟል" አሉ። በየበጋው የጉድጓዱን የጭቃ ገንዳ የሚለስኑት እሳቸው ናቸው። "ገንዳ ከዘመመ ውሃው አንድ ወገን ይሄዳል፤ ወዲያ ያለው ጥጃ ይጠማል። የዚህስ ሆድ ውስጥ የሚሄድ ውሃ የለም?"

"ያለ ይመስለኛል" አልኩ።

ሳህኑ እኩል እስኪይዝ ድረስ ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሸጎጥን። ጠበቅን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ምንም የለም። እሳቸውም ሄዱ። የቀረችውን በረዶ ከነሳጥኗ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኳት። ተስፋ የለኝም።

ዓርብ፣ ጥር 20

ቴርሞሜትሩ ወርዷል! ኩባያ ውስጥ የተውኩት ውሃ ስስ በረዶ ይዟል! የሳጥኑ በረዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ብልቃጦቹን አዛወርኩ። ብቻዬን እንደ እብድ ጮህኩ።

ኦቦ ዋርዮ መጥተው በረዶውን በጣታቸው ነኩት። "እሺ፣ እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል?" "አላውቅም፣ ኦቦ" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ወለሉን ያዩ ጀመር። የአፈሩ ወለል ላይ፣ ከፍሪጁ እግሮች አጠገብ፣ የእግሮቹ መጠን ያላቸው አራት የቆዩ ጉድጓዶች አሉ።

"አምናም እዚሁ ነበር የቆመው?"

ክው አልኩ፤ የአምናው ክትባትም እዚሁ ሞቆ ሞቶ ይሆን? አምና ቴርሞሜትር አልነበረኝም፤ እሳቱ ከነደደ ይበቃል ባይ ነበርኩ። ወደ ጥጉ የወሰድኩት የአምናው ክትባት ካለቀ በኋላ ነው። ረስቼው ነበር አልል፣ አስቤውም አላውቅ። መዋሸት ይቻል ነበር።

"አዎ፣ እዚሁ ነበር" አልኳቸው።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእግራቸው ሞከሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ሳይዞሩ፣ "ሳህኑን ከላዩ አታንሣ። ነገ የኔ ከብቶች ይቀድማሉ" አሉና ሄዱ። "ናጋ" ብለው እንኳ አልተሰናበቱኝም።

ይቅር ይበሉኝ ይቀየሙኝ አላውቅም። አለቅሳለሁ። በየደቂቃው እየተነሣሁ ሳህኑን አያለሁ፤ ውሃው እኩል ነው።