ለቀፎ ሲባል ሰው አይወጣም

ይድረስ ለይመር፣ ለልጅነት ባሌ፤

እንደምን አለህ አልልህም፤ አፈር ለብሶ የተኛ ሰው ጤናው አይጠየቅም። እኔ ግን አለሁ። ከተለያየን ስምንት ዓመት አለፈ። ይህን የምጽፍልህም በገዛ እጄ ነው። አንተ ስትሞት ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የቆጠርኩት እዚህ ቤይሩት ነው፤ ቡርጅ ሐሙድ ካለ የሐበሻ ሱቅ በገዛኋት አሮጌ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመርኩ፤ ከዚያ በበርበሬ ማሸጊያ፣ በመድኃኒት ወረቀት፣ እጄ በገባው ሁሉ ቀጠልኩ። ማንም አላስተማረኝም። አሁን ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ስለ ንብ የተጻፈ ነገር ካገኘሁማ እስኪላላጥ ድረስ እመላለስበታለሁ።

አዎ፣ ስለ ንብ። ንብ አለኝ ብልህ ሳቅህ ከዚህ ይሰማኛል።

አርባህ ሳይወጣ ወንድምህ መጥቶ ቀፎዎችህን አንድ ባንድ አወረዳቸው። «ሴት ምን ታደርግበታለች? ዛፍ ላይ ልትወጣ ነው?» አለ፤ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስላመንኩበት አይደለም። አፌን የዘጋው ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፣ መንደሩም ያውቀዋል። ያን ቀን ነፋሱ ሲነሳ «ዋንዛው ላይ ያለው ቀፎ ሊወድቅ ነው፤ ውጣና አውርደው» ያልኩህ እኔ ነኝ። «ነፋሱ ጋብ ይበል» አልከኝ። «ጋብ እስኪልማ ማሩን አፈር ይበላዋል» አልኩህ። ወጣህ። ስትወርድ ከነቀፎው ወረድክ።

ይህን ይዤ ነው ባሕር የተሻገርኩት።

የምሠራው ከቤይሩት በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ጥድ በከበበው ቤት ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሲያዩት ወደቡም፣ በኦዛይ በኩል ወደ ማረፊያው ዝቅ የሚለው አውሮፕላንም ከእግር ሥር ነው። ማዳሜ አሮጊት ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች። ሟች ባሏ ሦስት የንብ ሣጥን ትቶላታል። እዚህ ንብ ዛፍ ላይ አይሰቀልም፤ በእንጨት ሣጥን ሆኖ መሬት ላይ ይቀመጣል። እኔ ስመጣ የሚጠጋቸው ሰው አልነበረም። «ትፈሪያለሽ?» አለችኝ። «ባሌ ንብ አናቢ ነበር» አልኳት። በዚያው ቀረ፤ የንቡ ሥራ የእኔ ሆነ። ዛፍ ላይ አልወጣሁም። ለንብ ዛፍ ላይ መውጣት ግድ እንዳልሆነ ለወንድምህ የሚነግርልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያው ክረምት ግን አበላሸሁ። እዚህ ክረምት የሚሉት ጥርና የካቲትን ነው፤ ዝናቡና ብርዱ አብረው ይመጣሉ። እኔም አንተ ስታደርግ እንዳየሁት የሣጥኑን ስንጥቅ ሁሉ ልመርግ ተነሳሁ። እበት ባጣ ከጎረቤት የፍየል በጠጥ ለምኜ ከጭቃ ጋር አቦካሁ። ማዳም በረንዳ ላይ ቆማ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ንብ ነው የምታሞቂው ወይስ ዳቦ የምትጋግሪው?» አለችኝ። የእኛ ቀፎ ጭራሮና ጭቃ ስለሆነ ይተነፍሳል። ሣንቃ አይተነፍስም። ብርዱ ሲያልፍ አንዱን ስከፍት ክዳኑ ከውስጥ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ንቦቹ ሻግተው አልቀዋል። ወለሉ ላይ እንደ ጥቁር አተላ ተኝተው ነበር። ያን ቀን እንጀራ አልቀመስኩም።

በሚቀጥለው ዓመት አበባ ሲፈነዳ አንድ የንብ መንጋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ጣራ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ላይ ሰፈረ። ማዳም አንጋጣ አይታ «ባዶውን ሣጥን ባዶ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ከሞላሽው ያንቺ ይሁን» አለች። የስኳር ውሃ ረጭቼ በሻሽ ጠቅልዬ አወረድኳቸው። እጄም ዓይኔም አብጦ ሰነበተ። ይመር፣ የእኔ ነው የምለው ነገር ያኔ አገኘሁ። ልብሴን ማዳም ናት የሰጠችኝ፤ አልጋዬ የቤቱ ነው፤ ፓስፖርቴ እንኳ እኔ ዘንድ አይቀመጥም። ያ ሣጥን ግን የእኔ ነበር። ከማሩ አንድ ብልቃጥ ቡርጅ ሐሙድ ላሉት የአገሬ ልጆች ወስጄ «የማነው?» ሲሉኝ «የእኔ» ለማለት ያህል ብቻ ተሳፍሬ ወርጃለሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ጥር ልምጣልህ። ከባሕር በኩል ታላቅ ማዕበል እየመጣ ነው ተባለ። የማዳም ልጅ፣ እኔ ሚስተር የምለው፣ እናቱን ወደ ከተማ ሊወስድ መጣ። «ከቤቴ የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» ብላ እምቢ አለችው፤ እሱም ጥሏት መሄድ አልሆነለትምና ቀረ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ከንቦቹ ጋር ነበርኩ። ሣጥኖቹን ከከፍታው አውርጄ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። አፋቸውን ከባሕሩ አዙሬ ወደ ተራራው መለስኩ። የዝናብ ውሃ ውስጣቸው እንዳይተኛ በትንሹ ወደፊት አዘነበልኳቸው። መግቢያቸውን አጠበብኩ፤ አየር ግን ተውኩላቸው፤ ያን ተምሬዋለሁ። ክዳናቸው ላይ ቋጥኝ ጫንኩ፤ ብረት መሬት ላይ ቸክዬ በገመድ ጠፈርኳቸው።

ሚስተር ቡናውን ይዞ መጥቶ «ያኒ፣ ይሄ እንግዲህ ንብ ነው ወይስ ሊያመልጥ ያለ እስረኛ?» አለኝ። ማዳም ከመስኮት ሰማችው። «አንተ ጫማህን ማሰር የቻልከው በአሥር ዓመትህ ነው፤ ተዋት» አለችው። ነፋሱን ለመከለል ቆርቆሮ ላቁም ብሎ ሲነሳም እሷው ናት የከለከለችው፤ ባሏ አንድ ክረምት ቆርቆሮ አቁሞ ከጎረቤት ጣራ ላይ ነበር የለቀሙት። እኔና ሚስተር የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሳሳ ያለ አጥር ሠራን፤ ነፋሱ ወንፊት እንዳገኘ እህል ተበታትኖ እንዲያልፍ።

ጠንካራው ገመድ ለሁለቱ የማዳም ሣጥኖች ብቻ በቃ። የራሴን በልብስ ማስጫው ገመድ አሰርኩት።

ከቀትር በኋላ መጣ። እንዲህ ያለ ነፋስ አይቼ አላውቅም። ጥዶቹ ጎንበስ ብለው ቀና ማለት አቃታቸው፤ ባሕሩ ከዓይን ጠፋ። ሦስታችንም ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ ተደርድረን ቆምን። አጥሩ ያዘ። ሁለቱ ሣጥኖች ንቅንቅ አላሉም። የእኔ ግን ገመዱ ላላና ክዳኑ ይነሳ ይወድቅ ጀመር፤ ቀጥሎ ሣጥኑ ራሱ ወደ እርከኑ ጠርዝ ይንሸራተት ገባ።

ሚስተር ካፖርቱን አነሳ። «ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሄጄ ልያዘው» አለ። ቀን ሲቀልድብኝ ስለዋለ ይሁን፣ ስላሳዘንኩት ይሁን አላውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። በሩ ጋ ሲደርስ ቀድሜው ቆምኩ።

«አትወጣም» አልኩት።

ይህን ቃል ለአሠሪ ተናግሬው አላውቅም። እዚህ አገር ከገባሁ አፌ የሚያውቀው «ሓዲር ሚስተር፣ ሓዲር ማዳም» ነው፤ እሺ ብቻ። እሱም የሰማ አልመሰለውም። «ማጅኑኔ! አበድሽ? የራስሽ ሣጥን እኮ ነው!» አለኝ።

«የራሴ ስለሆነ ነው። ለቀፎ ሲባል ሰው አይወጣም።»

ክንዴን ይዞ ገለል ሊያደርገኝ ሞከረ። ዞሬ ቁልፉን አዞርኩና ነቅዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። በዚህ አገር በር የሚቆለፈው በእኛ ላይ ነው፤ ማዳሟ ቁልፍ ይዛ ስትወጣ ከውስጥ የቀረች ስንት እህት አለችኝ መሰለህ። ያን ቀን ግን በጌታው ላይ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። «መክተብ ልደውል?» አለ፤ እኔን ወዳስመጣው ቢሮ ማለቱ ነው። «ደውል፤ መንገዱ ሲከፈት ይምጡ» አልኩት። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ማዳም ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ወደ ልጇ ዞራ «ኸላስ፣ በቃ፣ ተቀመጥ። እኔ ከወለድኩህ ወዲህ እንዲህ የተቆጣህ ሰው አላየሁም» አለችው። ተቀመጠ።

ሣጥኔ ሲሄድ ዓይኔን አልጨፈንኩም። አንዴ ተንጋለለ፣ ከዚያ ከእርከኑ ግንብ ላይ ወደታች ወረደ። እዚያው እንደቆምኩ አየሁት። በሩን አልከፈትኩም።

ነፋሱ ሲያባራ ወረድኩ። ሣንቃው ተሰባብሯል፤ ሠፈፉ ከጭቃው ተለውሷል። ንቦቹ ጥቂቱ ብቻ ተጠጋግተው ይንቀሳቀሳሉ፤ ንግሥቲቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። የቀሩትን በእጄ አፍሼ ከማዳም ንቦች ጋር ቀላቀልኳቸው፤ ይቀበሏቸው አይቀበሏቸው አላውቅም። ሚስተር ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። «ልይዘው እችል ነበር» አለኝ። «ምናልባት» አልኩት። ዛፍ ወድቆ እሱ ሊቆምበት የነበረውን ቦታ አልመታውም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ለሰው ማውራት ይቀል ነበር። ምንም አልወደቀም። ምናልባት ወጥቶ፣ ሣጥኔን ይዞልኝ፣ በሰላም ይመለስ ነበር። ቢሆንም አልጸጸትም። ነገ ደግሞ እንዲያ ያለ ነፋስ ቢነሳ፣ አሥር ሣጥን ቢኖረኝ፣ አሥሩም ቢሄዱ፣ በሩን እቆልፋለሁ።

ለማንም ስላንተ አልነገርኩም። መክተብም አልተደወለም። ማዳም በማግስቱ እጇን ዘርግታ «ቁልፌን» ብቻ አለችኝ፤ ሰጠኋት። አበባ ሲመለስ ከእሷ ሣጥኖች ብርቱውን ለሁለት ከፍዬ አዲስ አቋቁማለሁ፤ ይህንን አልጠየቅኳትም፤ ነገርኳት። ወንድምህ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አሁን አያሳስበኝም። አገሬ ስገባ ቀፎዬን በቁመቴ ልክ ከደጃፌ አኖራለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

አንተን በነፋስ ላክሁህ፤ ይህ አይፋቅም። ሚስተርን ስላስቀረሁ አንተ አልተመለስክም፤ ዕዳዬ ተከፈለ ብዬ ራሴን አላታልልም። ግን ይመር፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ዱዓ ባደረግኩ ቁጥር ስምህን የጠራሁት «ይቅር በለኝ» ለማለት ነበር። ደጋግ ቀኖቻችንን እንኳ ማሰብ እስኪያቅተኝ ድረስ ይቅርታ ስለምንህ ኖርኩ። ንብ ስትነካ እንዴት ታፏጭ እንደነበር፣ ተነድፈህ እንኳ እንዴት «እንግዳ ሆኜባቸው ነው» እያልክ ትስቅላቸው እንደነበር፣ ይህ ሁሉ ከይቅርታው ሥር ተቀብሮ ቀረ።

በቃኝ። አላህ የሰማውን ሰምቷል። እጄን ለዱዓ በዘረጋሁ ቁጥር አልረሳህም፤ ከእንግዲህ ግን ስምህን ብቻ ነው የምጠራው።

ዘሃራ