የዴሜተር ወንድም

ይድረስ ለወንድሜ ለረዳኢ ፀሃዬ፣
አርባ ምንጭ

ወንድምዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ደራርቱስ ደህና ናት? ባለፈው የጣላት ወባ ለቀቃት ወይስ እየተመላለሰ ያስቸግራታል? እማዬ በየጠዋቱ የእሷን ወባ ሳትጠይቀኝ አትውልም፤ ሐኪሟ እኔ እመስል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ዝናቡ ሲገባ እንደ ልማዱ ጀምሯታል። ባሌ ምንዳዬ ሥራ በዝቶበት እያመሸ ይገባል እንጂ ጤናው ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ማለቴ ከቅናት በቀር ምንም አላመመኝም።

አዎ፣ ቅናት ነው ያልኩህ። በአንተ ነው የምቀናው። በጀርባዬ አዝዬ ባሳደግኩህ በአንተ! በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አንተን በስልክ ማግኘት ግን ከቀረብኝ ቆየ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስትደውል «ሃሎ» ሳልል ሩሐማ ስልኩን ትነጥቀኛለች። ትግርኛ እንደሁ አታውቅም፤ «አኮይ» የምትለዋን ቃል ግን ከእማዬ ለቅማ ይዛለች። አጎት ማለቱ አይጥማትም፣ አኮይ ነህ። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ አንተ ስለ ዜውስና ስለ ሄርኩለስ ታወራላታለህ፤ እሷ ከት ብላ ትስቃለች፤ እኔ የወለድኳት ኮሪደር ላይ ቆሜ ተራ እጠብቃለሁ። ከወጣች በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አኮይ እንዲህ አለ፣ አኮይ እንዲያ አለ ነው። ትናንት ምስር አቀረብኩላት። ጎረሰችና የግሪክ ሰዎችም ምስር ይበሉ እንደነበር አኮይ ነግሮኛል አለችኝ። ወጡን የሠራሁት እኔ፣ የተመሰገንከው አንተ።

በዚህ ላይ ክረምቱን እኔ ዘንድ ትክረም፣ ላኪልን አልክ። እስካሁን መልስ ያልሰጠሁህ ረስቼው አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ አንተ ጋ ተቀምጣ፣ ማታ ማታ ሐይቁን እያየች ተረት ስትሰማ ከርማ ስትመለስ ለእኔ ምን ይተርፈኛል ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ላለመላክ ሰበብ ስፈልግ ነበር። እሷ ግን ፈተናዋን ሳትጨርስ ሻንጣዋን አልጋው ሥር አዘጋጅታለች። እንቢ ብላት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምታኮርፈው እኔን ነው፣ አንተን አይደለም።

ታዲያ እሾህን በእሾህ ብዬ ተነሣሁ። ተረቱ ከመጽሐፍ የመጣ ከሆነ መጽሐፉን እኔም እገዛለሁ፣ ከዚያ እናያለን አልኩ። ቢሮአችን አጠገብ መሬት ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ ይሸጥ የነበረውን ተኽላይን ታስታውሰዋለህ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ኦሎምፒያ ሰፈር ሄዶ ኖሮ በምሳ ሰዓት ፈልጌ አገኘሁት። ስለ ጁፒተርና ስለ ማርስ የሚያወራ ጥሩ መጽሐፍ አለህ ወይ ስለው ፊቱ በራ። ከሥር መዝዞ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ሰጠኝና፣ በይ ስምሽንና የእናትሽን ስም ንገሪኝ ብሎ ኮከቤን ሊቆጥርልኝ ጣቱን አነሣ። የሰው ዓይን በዝቶብሻል አለኝ። ስንቴ ልንገርህ ረዳኢ፣ የሰው ዓይን አይደለም፣ የራሴው ዓይን ነው የተንከራተተው።

ከዚያ ቂርቆስ አንድ መደብር ገባሁ፤ ያገኘሁት ግን ቀጭን ነገር ነው፣ ሥዕል የለው፣ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። በመጨረሻ ስታዲየም አካባቢ ከሚዘረጉት ዘንድ በአንድ ቀን ሁለት መጽሐፍ አገኘሁ፤ አንዱ የግሪክ አማልክት፣ አንዱ የሮማውያን። ሁለቱም እንግሊዝኛ ናቸው፣ ግን ሥዕላቸው ያምራል። እንዴት እንደተደሰትኩ አትጠይቀኝ። ረዳኢ የሚያወራላት ስለ ግሪኮቹ ብቻ ነው፣ እኔ ግን የሮማውያኑን አማልክት ይዤላት መጣሁ፣ እነዚህን እሱ አያውቃቸውም ብዬ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ማታ አስቀምጬ ስለ ጁፒተር ጀመርኩላት። መብረቁን፣ ንስሩን፣ ቅናተኛ ሚስቱን ሳይቀር በአማርኛ አሳምሬ ነገርኳት። ልጅት እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ፣ እማዬ ይሄ እኮ ዜውስ ነው አለችኝ። አኮይ ነግሮኛል፣ እኔ ቤት ውስጥ ሩሐማ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወለተ ኪዳን እንደምባለው ነው፣ እሱም ሁለት ስም አለው አለችኝ። አንጀቴ እርር አለ! የክርስትና ስሟን ያወጣንላት እኛ፣ ክርስትና ያስነሣናት እኛ፣ አንተ በዚያ ቀን እንኳ አልመጣህም። ይህችን ምሳሌ እንዴት እኔ ሳላስባት ቀረሁ? ለቁርባን ስትቀርብ ስሟን ለቄሱ የምነግር እኔ አይደለሁም እንዴ? የእናት ሆድ ዝንጉርጉር ነው፤ ጨዋታውን ሁሉ ለአንተ ሰጥቶ ለእኔ ንጭንጩን ብቻ አስቀረልኝ።

እልህ ያዘኝና የግሪኩን መጽሐፍ በየቀኑ አነብ ጀመር። በቃ፣ ዓላማዬ አንተን ስሕተት ላይ መያዝ ነበር። አገኘሁም! ሄርኩለስ አብዶ የገዛ ልጆቹን መግደሉን ለሩሐማ አልነገርካትም። ጀግና፣ አንበሳ ገዳይ ብቻ አድርገህ ነው ያቀረብክላት። ማስረጃ እንዳገኘ ዐቃቤ ሕግ ደስ ብሎኝ ማታ ላነብላት ተቀመጥኩ፤ ገጹ ላይ ስደርስ ግን ፊቷን አየሁና እኔም ዘለልኩት። ይህን እየጻፍኩልህ እንኳ ያበሽቀኛል።

እማዬ መጀመሪያ ላይ ጣዖት ቤቴ አይገባም ብላ መጽሐፉን ከሥዕለ አድኅኖው ራቅ አድርጋ ማድቤት አስቀመጠችው። አሁን ግን እያነበብኩ እየተረጎምኩ ስናወራ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጣል አድርጋ ያልሰማች ትመስላለች፤ ሳቆም ደግሞ ለምን ዝም አልሽ ትላለች።

እሁድ ማታ የዴሜተር ተራ ሆነ። የእህሉ ሁሉ እናት ናት፤ ፐርሰፎኒ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። የምድር ሥሩ ንጉሥ ሐዴስ ያችን ልጅ አበባ ስትቀጥፍ ጠልፎ ወሰዳት። እናቲቱ አገር ለአገር ተንከራተተች፣ በቁጣዋ እህል አላበቅልም አለች፤ በመጨረሻ ልጅቱ የዓመቱን ከፊል ከእናቷ፣ ከፊሉን ከሐዴስ ዘንድ ትሁን ተብሎ ታረቁ። መጽሐፉ በየታሪኩ ራስጌ ማን ከማን እንደተወለደ የዘር ሐረግ ይሥላል። አየሁት። ሐዴስ የዴሜተር ወንድም ነው! የእናቷ ወንድም፣ አኮይ! ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የምረቃ ፎቶህን ተመለከትኩ። ጥርስህን አሳይተህ ትስቃለህ። እማዬ ደግሞ ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ይህ ሐዴስ የሚሉት ልጅ ተው የምትለው እናት የለችውም ወይ አለች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ልጅቱ ወደ ታች የምትወርድበትን ቦታ በደንብ ሳልተረጉመው አለፍኩ። ሩሐማ ሥዕሉን ትክ ብላ አየችና፣ «እማዬ፣ ዴሜተር ግን ለምን አብራት አልሄደችም?» አለችኝ።

ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም አልኳት።

«ወደ አኮይ ግን አለ» አለችኝ።

ረዳኢ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። እኔ እኮ ልጄ ከእኔ ልትሸሽ ሻንጣ ያዘጋጀች መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አብረን እንሂድ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ቅናት እንዲህ ያደርጋል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬም የማላርፍ ሰው መሆኔን ስለሚያውቅ ያለ ክርክር ፈረመልኝ። ምንዳዬ እማዬን እኔ እይዛታለሁ ብሏል። ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ ሁለታችንም እንመጣለን። አኩርፈህ እንደሁ እዚያው አኩርፍ። ግን አንድ ነገር እወቅ፤ ማታ ማታ መጽሐፉን የማነብ እኔ ነኝ። አንተ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ፤ ታሪኩን ብታውቀውም «ከዚያስ?» ትላለህ።

ይህን የሚያደርስልህ ጉርሜሳ ነው፤ ጎረቤታችን፣ የጭነት መኪናው ሹፌር። ነገ ሐሙስ ይነሣል። እማዬ የላከችልህን ሽሮ ከእሱ ተቀበል፤ ከደራርቱ ጋር ተካፈሉት እንጂ ብቻህን አትጨርሰው። ደራርቱን ሳሚልኝ ብላለች እማዬ፣ በእሷ ፈንታ አንተ ሳማት። እማዬ ራሷ ጉልበትህን ጠብቅ፣ አጎበር ሳትዘረጋ አትተኛ ትልሃለች። ምንዳዬ አዞ እንዳይበላህ ብሏል፣ ቀልዱን ታውቀዋለህ። ሩሐማም እንደ ሁልጊዜው ትስምሃለች፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጽፍልህም።

እሁድ ስትደውል ታዲያ አደራህን፣ እናትሽም ትመጣለች ብለህ እንዳትነግራት። ገና አልነገርኳትም። ይህችን እንኳ ለእኔ ተዋት።

እህትህ መብርሂት ፀሃዬ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.