ከደመኛ ቤት የተገኘ ምስክር

ይድረስ ለልጄ ለመልከ ጼዴቅ። በሄድህበት ሁሉ እመቤቴ ማርያም ከፊትህ ትቅደም፣ ከኋላህም ትከተል። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱን ውርጭ ቢመታውም ባቄላው ተርፏል። እህትህ ኤልሳቤጥም ዳባት ማስተማር ጀምራለች።

በሰው አገር ድንጋይ የምታፈነዳበትን የደኅንነት ፈቃድ መሰረዛቸውን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። "ደመኛ አለህ ወይ?" ብለው ሲጠይቁህ "አባቴ ሰው ገድሎ ነበር" ማለትን ምን አመጣው? በሽማግሌ መታረቃችንን እነሱ በምን ይወቁት? ደመኛ ያለበት ሰው ፈንጂ አይጨብጥም ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ለይግባኝህ የሽማግሌዎቹን ቃል ልልክልህ ነበር። ኋላ ግን "የሟች እናት እያሉ ሌላ ማን ይታመናል?" ብዬ ከኤልሳቤጥ ጋር ኮሶዬ ድረስ፣ ወይዘሮ ሙጪት ዘንድ ሄድሁ። ከእርቁ ወዲህ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። ጉዳዬን ነገርኋቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ኤልሳቤጥ ስልክ ዞሩና "ከዚህ ልጅ ጋር ደም የለንም፤ የልጄን ደም እኔው ራሴ ይቅር ብያለሁ" አሉ። ቪዲዮውን ልካልሃለች፤ አስተርጉመህ ለዳኞቹ አሳያቸው።

ስንወጣ ግን እጄን ያዙኝ። "ፈቃዱን ይመልሱለት፤ ስሙ ይጥራ። ከዚያ በኋላ ግን ይህን ሥራ ይተው በዪው። ልጅ መቅበርን አንቺ አታውቂውም" አሉኝ።

አምላክ ፍርድህን ያቅናልህ፤ በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ። እኔ ብለምንህ እንቢ ብለኸኛል፤ እስቲ እሳቸውን እንቢ በል።

እናትህ አረጋሽ፣ ከደባርቅ