ቅናቴ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ስክሪኑን መልሱላት

ለክፍል ቴክኖሎጂ ድጋፍ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ የኮሚቴዎ አባላት በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በመልካም የዓይን ብርሃን እንድትሰነብቱ እመኛለሁ። ዓይንን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያን ሁሉ የመምህራን ማመልከቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንብባችሁ እንደ ጨረሳችሁ ስለሰማሁ፣ ያን ያህል የሮጠ ዓይን ሳይደክም አይቀርም ብዬ ሠግቼ ነው።

እኔ ከዋናው መንገድ በታች ባለው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ድጋፋችሁን አሸንፋ ካሜራ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕና ግድግዳ የሚያህል ስክሪን የተሰጣት፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ትምህርት ቤት ይህንኑ ትምህርት የምታስተምረው መምህርት ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሚጣ ይላታል፤ ልጅ ወልዳም ሚጣ ናት። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ በግል የላክሁልዎት ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ደግሞ፣ በሦስተኛ እንዳላደክምዎት ፈርቼ ነው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ ሌላ ሰው ከሚነግርዎት እኔው ብነግርዎት ይሻላልና፣ በእህቴ እቀናለሁ። ትንሽ አይደለም፤ በደንብ እቀናለሁ። ቅሬታዎቼን ሲያነቡ ይህን እያሰቡ ያንብቡልኝ።

1ኛ. በእኔ ክፍል ያለው በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነው። ልጆቹ እስከ በሩ ድረስ ይሰለፋሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ገና ዓይኑን ሳያስተካክል የኋላው ይገፋዋል፤ ግማሾቹ የራሳቸውን ሽፋሽፍት አይተው «ሕዋስ አየሁ!» እያሉ በደስታ ይመለሳሉ፤ እኔም ደስታቸውን ላለመንጠቅ ዝም እላለሁ። የመጨረሻው ረድፍ ተራው ሳይደርሰው ደወሉ ይደወላል። ይህንኑ በማመልከቻዬ ላይ እንዳለ ጻፍኩ፤ ልጆቹ አይታያቸውም፣ እንዲታያቸው እርዱን አልኩ። ገምጋሚዎችዎ በሰጡኝ መልስ «ችግሩ በግልጽ የተቀመጠ ቢሆንም አመልካቿ ራዕይ ይጎድላታል» ብለዋል። የሚያይበት ያጣን ሰው «ምን ይታይሃል?» ብሎ የመጠየቅ ጥበብ ከእናንተ በቀር ከማን ይገኛል? ለተሰጠኝ ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በዚያው ዙር ያሸነፈችው እህቴ የጠየቀችው እኔ የጠየቅሁትኑ ነበር። ሐሳቤን ሰረቀች ማለቴ አይደለም። በእናታችን ቤት አልጋ ላይ ተቀምጠን የታጠበ ልብስ እያጠፍን፣ ስለ ክፍሎቻችን ስንማረር ዓመታት አልፈዋል፤ የቱ ብሶት ከማን አፍ ቀድሞ እንደወጣ ሁለታችንም አናውቅም። ልዩነቱ እኔ ማመልከቻዬን «የማይክሮስኮፕ ጥያቄ» ስል፣ እሷ «በአንዲት ጠብታ ውስጥ ያለ ነገ» አለችው። ሚጣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ እኔ «ራበኝ» ስል፣ እሷ «እማዬ፣ ዛሬ እጅሽ ምን ያምር ይሆን?» ትላለች፤ ቀድሞ የሚቀርበው ለማን እንደነበር ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

በሽልማቱ ቀን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ስሟ ሲጠራ ደንግጣ «እትዬ፣ ቦርሳዬን ያዥልኝ» ብላኝ ወደ መድረኩ ሮጠች። እርስዎ እጇን ሲጨብጡ፣ ካሜራ ሲንፀባረቅ፣ አዳራሹ ሲነሣ፣ እኔም ከሁሉ ጋር ተነሣሁ፤ ግን በሁለት እጄ ቦርሳ ታቅፌ ስለነበር ማጨብጨብ አልቻልኩም። ለዚህም ምስጋና ይድረሳችሁ፤ ሰበብ ሆነኝ። ከእርስዎ ጋር የተነሣችው ፎቶ አሁን በእናታችን ሳሎን መሐል ላይ ተሰቅሏል። እዚያ የነበረው የእኔ የምረቃ ፎቶ ወደ ጓዳው በር ተዛወረ። ለምን እንደሆነ እናታችንን ብጠይቃት «እዚህ ፀሐይ ይበዛል፤ እንዳይደበዝዝብሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ለተሸነፈ ሰው ምን እንደሚባል እናቴ ታውቅበታለች፤ ኮሚቴው ጊዜ ካለው አንድ ቀን መጥቶ ከእሷ ቢሠለጥን ደስ ይለኛል።

3ኛ. መሣሪያው በተተከለ በሳምንቱ ወሬው መንገድ ተሻግሮ ክፍሌ ገባ። ልጆቼ በመስኮት አሻግረው የዚያኛውን ክፍል ሰማያዊ ብርሃን እያዩ አንገታቸው ተጣመመ። «ቲቸር፣ የእነሱ ውሃ ውስጥ ያለው ነገር ይሄዳል አሉ፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። እኔም «በውሃ ውስጥ ያለ ሁሉ ይሄዳል፤ ወደ ደብተራችሁ» እላለሁ። በዚህ መሐል ሚጣ ደወለችና «እትዬ፣ ልጆችሽን ይዘሻቸው ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ፈተና ደርሷል አልኳት። በሌላ ጊዜ ስትደውል ዝናብ ነው አልኳት። ሦስተኛ ስትደውል ስልኩን አላነሣሁም። ክቡር ሆይ፣ ቅናት እንዴት ያለ ትጉህ ሠራተኛ መሰለዎት! ደመወዝ አይጠይቅ፣ ፈቃድ አይወጣ።

ያቃናኝ የመጨረሻው ረድፍ ነው። እዚያ የምትቀመጥ፣ ዝምታዋ እንደ ግድግዳ የሆነ አንዲት ልጅ አለች፤ ተራ ደርሷት አያውቅም፤ አልደረሰኝም ብላም አታውቅም። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣችና፣ እግር እግሯን እያየች «ቲቸር፣ ከእህትዎ ጋር ተጣልታችሁ ነው እንዴ?» አለችኝ። አልተጣላንም አልኳት። «እንግዲያስ ለምን አንሄድም?» አለች። በማግሥቱ ልጆቹን ሁለት ሁለት አሰልፌ መንገዱን አሻገርኳቸው።

4ኛ. ይህኛው በእርግጥ ቅሬታ አይደለም፤ ግን ከኮሚቴው መዝገብ እንዳይጎድል ብዬ ነው። ልጆቻችን ተቀላቅለው ወለሉ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ሚጣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኩሬ አንዲት ጠብታ አምጥታ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠች፤ መብራቱ ጠፋ፤ ስክሪኑ በራ። እኔ ለዓመታት በጠመኔ ስስለው የኖርኩት ነገር ሁሉ ግድግዳው ላይ ተነሥቶ ሄደ። አንዱ ይሽከረከራል፣ አንዱ ፀጉሩን ያርገበግባል፣ አንዱ ሌላውን ይውጣል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ማንንም ሳታስፈቅድ ተነሣች፤ ወደ ስክሪኑ ሄደችና አንዱን የሚዋኝ ነገር በጣቷ እየተከተለች «ይኸው! ይኸው! የት ሊሄድ ነው?» አለች። ድምፅዋን የዚያን ቀን ነው በደንብ የሰማሁት።

ከዚያም ልጆቼ ሁሉ ዞረው ሚጣን አዩአት። እንዴት እንዳዩአት ልገልጽልዎት አልችልም፤ እኔን ግን አንድም ቀን እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። የሽልማቱም፣ የፎቶውም ቅናት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። ይባስ ብላ እህቴ መጠቆሚያውን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ከዚህ በኋላ ያለውን እትዬ ናት የምታውቀው» ብላ ወለሉ ላይ ከልጆቹ መሐል ቁጭ አለች። ለጋስነቷም አስቀናኝ። ግን አስተማርኩ፤ ደወሉ ተደውሎ ማንም አልተነሣም፤ እኔም የደወለ ያለ አልመሰለኝም።

5ኛ. ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንሻገር ጀመር፤ እናንተም የክትትል ባለሙያ ላካችሁልን። ባለሙያው ጫማቸውን እንኳ ሳያቆሽሹ በሩ ላይ ቆመው የሁለት ዓይነት ዩኒፎርም ቢያዩ ጊዜ፣ ቀይ ሹራብ ወደለበሱት ወደ እኔዎቹ እየጠቆሙ «እነዚህ የማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ሚጣ ምንም ሳታስብ «የእህቴ ናቸው» አለች። ባለሙያው ይህን ከሰው ልብ የወጣ ቃል በታላቅ ጥንቃቄ «መሣሪያውን ለዘመድ አሳልፋ ሰጥታለች» ብለው ተርጉመው ጻፉት። ክቡርነትዎ መልስ የሚያዘገዩ ሰው አለመሆንዎን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ የእኔ ደብዳቤዎች ወራት ሲፈጅባቸው፣ የእሷ ማስጠንቀቂያ በሳምንቱ ደረሰ። ስክሪኑ ያለበት ክፍል ታሸገ። እንዲከፈትላት ከተፈለገ «ካልተፈቀዱ ተጠቃሚዎች አንዱንም ዳግመኛ አላስገባም» ብላ እንድትፈርም ተጠየቀች። እሷም «ሊያይ የመጣ ልጅ ከበር መልሼ አላውቅም፤ አልፈርምም» ብላ ብዕሩን ለርእሰ መምህሩ መለሰችላቸው።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። ይህን ስሰማ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። እናታችን ቤት ሄድኩ፤ ሚጣ አልጋው ላይ ተቀምጣ አንዱን ሸሚዝ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ደግሞ ታጥፋለች። ጎኗ ተቀመጥኩና ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። «ፈርሚና ገላገይን፤ የእኔዎቹ እንደለመዱት ይሰለፋሉ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ ያቺን ዝምተኛ ልጅሽን እንዴት ብዬ ነው በር ላይ የማቆማት?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ ከሁሉም ይልቅ በምን እንደቀናሁባት ያውቃሉ? ባለመፈረሟ። እኔ ብሆን ኖሮ ፈርሜ ነበር።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህን ይመስላል። በየሳምንቱ የሚጣ ልጆች መንገዱን ቁልቁል ተሻግረው ይመጡና ከእኔዎቹ ኋላ ይቆማሉ። በአንዱ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ፊት የሁለት ትምህርት ቤት ልጆች ይጋፋሉ፤ ሰልፉ ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃውን ወርዶ ጥበቃው ዘንድ ይደርሳል፤ ጥበቃውም ሥርዓት ሲያስይዙ ይውላሉ። ዓለምን ያሳያል የተባለው ስክሪን ግን ከላይ በታሸገ ክፍል ውስጥ አቧራ ያስተምራል። ከጥፋት ስለ ጠበቃችሁት እናመሰግናለን፤ እንዲህ ሆኖ በእርግጥ አይሰበርም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው፣ ስክሪኑን ለእህቴ ይመልሱላት፤ ያለ ፊርማ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ። በእሷ መቅናት ከአንድ እናት በመወለድ ያገኘሁት መብት ነው፤ አዝዬ አሳድጌያታለሁና ይገባኛል። እናንተ ግን በምን ዝምድናችሁ ነው የምትቀጧት? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስቀናባት አንድም ቀን በር አሽጌባት አላውቅም። ስክሪኑ ይመለስና እኔም ወደ ቅናቴ በሰላም ልመለስ፤ በወደቀ ሰው መቅናት አይመችም።

የኮሚቴውን ዕድሜ ያርዝምልኝ፣ ማኅተሙን ያሳጥርልኝ እያልኩ፣ በማይለወጥ አክብሮት፣

ከመንገዱ በታች ያለችው፣ ራዕይ የጎደላት፣ ቅናቷ ግን በሙሉ ጤንነት ላይ የሚገኝ የባዮሎጂ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዘንድሮውን የማመልከቻ ጥሪ አይተነዋል፤ እኔና እህቴ ለሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድነት ልናመለክት ወስነናል። የአመልካች ስም የሚጻፍበት ቦታ የተሠራው ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑን ስናይ፣ ሁለት መምህራን ሊስማሙ አይችሉም ብላችሁ እንደሆነ ገባን፤ አልተሳሳታችሁም፣ በዚሁ ጉዳይ ተኳርፈን ሰነበትን። በመጨረሻ እንዲህ ታርቀናል፦ ካሸነፍን መድረክ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ከተሸነፍን ደግሞ የውድቅ ደብዳቤያችሁን ከፍታ የምታነበው እሷ ናት። እስከ ዛሬ አንድም ደርሷት አያውቅምና፣ እባክዎ ለዓይን በሚስማማ ፊደል ይጻፉላት።