ጎመኑ ላይ የጨመርኩት ቅቤ

ለዶክተር ጎመን፣ ለእህቴ ልጅ፤

ካረፍሽ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በዚህ ስም ስጠራሽ መኮሳተርሽ ስለናፈቀኝ ዛሬም አልተውኩትም።

ቤቱ ደህና ነው። አክስትሽ ጓሮውን ቆፍራ ዱባና ካሮት ተክላለች፤ አንቺ ስትለምኛት እምቢ ያለችውን። ክፍልሽን ለአንዲት አስተማሪ አከራየነው። ጧትም ማታም ፓስታ ነው የምትበላው፤ ብታዪያት «ትናንት ምን በላሽ» የሚለውን መጠይቅሽን ይዘሽ በሯ ላይ ትቆሚ ነበር።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚያ ቅቤ ነው።

ከደብረ ብርሃን እኛ ቤት መጥተሽ ጅማ ተማርሽ፣ እዚሁም የምግብ ተመራማሪ ሆነሽ ቀረሽ። ኦሮምኛሽ ገና ስለነበር እኔን አስተርጓሚ አድርገሽ ወሰድሽኝ። ቡና ነጋዴው እኔ፣ ፊደል ከጆንያ ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሰው፣ በእርጅናዬ የምርምር ሠራተኛ ሆንኩ። ከዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ነበር። የአምናው ቡና ገንዘብ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። ሊሙ ገነት አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርን፣ ትናንት ምን በላችሁ እያልን እንጠይቃለን። ሴቶቹ ጎመን በጨው፣ ጎደሬ ቅቅል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቡና ስገዛ ከድሮ ጀምሮ የማውቃቸው ናቸው፤ እንግዳ ፊት እንዲያፍሩ አልፈለግሁም። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስመልሰው ትንሽ ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ። ደስ ካለኝ እንቁላልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩን እንዲህ አበላሁት።

አንድ ቀን የአንዲት ሕፃን ክንድ ለካሽ፤ የመለኪያው ጥብጣብ የክፉ ረሃብ ምልክት የሆነው ቀይ ላይ ቆመ። ቅቤ የሰፈረበትን ወረቀት አየሽ፣ ሕፃኗን አየሽ፣ ከዚያ እኔን። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ሕፃኗን ጤና ጣቢያ አድርሰን ስንወጣ አልጮህሽብኝም።

«አጎቴ፣ በእርስዎ ቅቤ የተነሳ እነዚህ ልጆች ጠግበዋል ተብሎ እርዳታ ሳይደርሳቸው ቢቀርስ?» አልሽኝ።



የሁለት ሳምንቱን ወረቀት ሰርዘሽ እንደገና አስጀመርሽኝ። በዚያ ጭቃ በየደጁ ቆሜ ጥፋቴን በኦሮምኛ እንድናዘዝ ፈረድሽብኝ፤ ሴቶቹ ሳቁብኝ። አዲስ ደንብም አወጣሽ፦ ከመጠየቁ በፊት እንግዳው ጠያቂ ራሱ ትናንት የበላውን፣ ሳያሳምር፣ ይናገር። እኔ ደረቅ የበቆሎ ቂጣ ብዬ ስጀምር እነሱም ሳያፍሩ ቀጠሉ። የነሐሴ ረሃብ በወረቀት ላይ የሰፈረው ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት አብረውሽ የሠሩት ልጆች ለአስተርጓሚነት እንደገና ሊሙ ወሰዱኝ። መጀመሪያ የገባነው የዚያች ሕፃን እናት ቤት ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ክንዷ ሞልቷል። እናትየዋ ደንብሽን አልረሳችም። መጠይቁ ሳይከፈት፣ እኔ ትናንት ማታ የበላሁትን ቀድሜ እንድናገር ጠየቀችኝ።

ካንቺ ወዲህ ማታ ማታ አይበላልኝም። ለአክስትሽ፣ ሄርማታ ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር በልቻለሁ እላታለሁ፤ አንድ ቀን ጥብስ፣ አንድ ቀን ቁርጥ፣ እንዳሰኘኝ። ለዚያች ሴት ግን መሬት መሬት እያየሁ፣ ሻይ ብቻ አልኳት። የተቀቀለ ጎደሬ በጨው አቀረበችልኝና እስክጨርስ ከአጠገቤ አልሄደችም።

ቤት ስገባ ለአክስትሽም ነገርኳት። ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ምግብ አቀረበች።

አልረሳሽም ማለት ለእኔ ዓይነቱ አፈኛ ቀላል ነው፤ እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ባዶ ገጽ በተረፈው የምርምር ደብተርሽ ላይ በየቀኑ የበላሁትን እጽፍልሻለሁ፣ ምንም ሳልጨምር። ከትናንቱ ልጀምር።

ግማሽ እንጀራ፣ በጓሮ ዱባ ወጥ። ቅቤ የለበትም።

አጎትሽ